ክሪቲካል ፓዝ ምንድን ነው?

አንድ ቤት እየተሠራ ነው እንበል። መሠረቱ 10 ቀን ይፈጃል፤ ግድግዳው 20፣ ጣሪያው 7፣ በሮቹን መግጠም ደግሞ 3። አንዱ ሳያልቅ ሌላው ስለማይጀመር ድምሩ 40 ቀን ይሆናል። በሮቹን የሚሠራው አናጢ ግን ሥራው ጎን ለጎን የሚሄድ ነው፤ 12 ቀን ይበቃዋል። በሮቹ የሚፈለጉት ከ37ኛው ቀን በኋላ ስለሆነ 25 ቀን ቢያዘገይ እንኳ ቤቱ በቀኑ ያልቃል። ግንበኛው አንድ ቀን ከቀረ ግን ቤቱም አንድ ቀን ይዘገያል። ይህ ፋታ የሌለው የሥራ ሰንሰለት ክሪቲካል ፓዝ ወይም ወሳኝ መስመር ይባላል።

አምስት ሥራ ሲሆን በጣት ይቆጠራል። በመቶዎች ሲቆጠር ግን የትኛው ሥራ ፋታ እንዳለው በዓይን አይለይም። የአሜሪካው የኬሚካል ኩባንያ ዱፖንት ችግር ይኸው ነበር። ሥራ በዘገየ ቁጥር ሁሉንም ሠራተኛ በትርፍ ሰዓት ማሠራት ገንዘብ ማባከን ነው፤ መፋጠን ያለበት ወሳኙ መስመር ብቻ ነውና። የዱፖንቱ ሞርጋን ዎከርና የኮምፒውተር አምራቹ የሬሚንግተን ራንድ ባልደረባ ጄምስ ኬሊ እ.ኤ.አ. በ1957 ስሌቱን ዩኒቫክ ለተባለው፣ ከ5,000 በላይ የቫኩም ቱቦዎች ለነበሩት ግዙፍ ኮምፒውተር አዘጋጁት። በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለፖላሪስ ሚሳይል ፐርት የተባለውን ተመሳሳይ ዘዴ አወጣ።

ሐሳቡ ከዚያ ወዲህ ብዙም አልተለወጠም። የተለወጠው መስመሩን በዓይኑ የሚያየው ሰው ነው፤ ለእኔ የዚህ ታሪክ ትልቁ ነገርም ይህ ነው። በግዙፎቹ ኮምፒውተሮች ዘመን የሥራው ኃላፊ መረጃውን ለባለሙያ ሰጥቶ የታተመ ወረቀት ይጠብቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 ከአፕል ሊዛ ኮምፒውተር ጋር ሥራን በዚህ ዘዴ የሚያቅድ ሊዛፕሮጀክት የተባለ ፕሮግራም መጣ፤ በ1984 ደግሞ ለማኪንቶሽ ማክፕሮጀክት። በዚያው ሰሞን ለአይቢኤም ፒሲ ሃርቫርድ ፕሮጀክት ማናጀር፣ ዶስ በተባለው ሥርዓት ለሚሠሩ ኮምፒውተሮች ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት ወጡ። ዛሬም የግንባታ መሐንዲሶቻችን የሚጠቀሙበትን ፕሪማቬራ የተባለ ተመሳሳይ ፕሮግራም ያወጣው ድርጅት የተመሠረተውም በ1983 ነው።

ማክፕሮጀክት ላይ እያንዳንዱ ሥራ አንድ ሳጥን ነው። በማውስ ሳጥን ከሳጥን በመስመር ይያያዛል፤ ወሳኙ መስመር ደምቆ ይታያል። አናጢያችን 25 ቀኑን አልፎ 26 ቀን ቢያዘገይ በሮቹ የሚደርሱት በ38ኛው ቀን ነው፤ ቤቱም 41 ቀን ይፈጃል። ቁጥሩ ሲለወጥ ደማቁ መስመር ግንበኛውን ትቶ በአናጢው ሳጥን በኩል ያልፋል፤ የሥራው ኃላፊም ይህን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ያየዋል።