ሁለት ሌሊት በሐረር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጓደኛዬ ከዋሽንግተን ለስድስት ሳምንት መጥታ ነበር። ደሴ፣ ጎንደር፣ አዲስ አበባ፤ ለቅሶ መድረስ፣ ሠርግ፣ የአክስት ምሳ፣ የአጎት እራት። በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ «ሁለት ሌሊት ብቻ፣ አንቺና እኔ» አለችኝ። ሐረርን መረጥን። ወሬው እንደተሰማ ምክሩ ከየአቅጣጫው ጎረፈ፤ በቅን ልብ የተሰጠ ቢሆንም ብዙው ስህተት ነበር። ተመሳሳይ ጉዞ የሚያስብ ሰው እንዳይዘናጋ አንድ በአንድ ላንሳው።

«ዘመድ እያለ ከጓደኛ ጋር መጥፋት ነውር ነው»

ይህን ያለችው ታላቅ እህቷ ናት፤ ቅሬታዋም ይገባኛል። ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው ቀኑ የዘመድ ነው፤ ተመልሶ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅምና። ነገር ግን አራት ሳምንት ሙሉ በየቤቱ እንግዳ ሆኖ የሰነበተ ሰው ይደክመዋል። ሲበላ ይታያል፣ ሲስቅ ይታያል፣ ብቻውን ዝም የሚልበት ሰዓት የለውም። ጓደኛዬ ከድሬዳዋ ተነስተን የደንገጎን ዳገት ስንወጣ፣ ሚኒባሱ በእያንዳንዱ ጠመዝማዛ ጥሩንባውን እየነፋ፣ ስለ አባቷ ሞት አወራችኝ። ሳትቀብረው እንደቀረች፣ ሐዘኑን ባሕር ማዶ በስልክ እንደተረዳች። ያን ሁሉ ጊዜ በየሳሎኑ የሚያጽናናት ሞልቶ ነበር፤ ሆኖም ሰው በተሰበሰበበት ይህን ማውጣት አልቻለችም። እንዲህ ያለውን ጉዞ ነውር ልለው አልችልም። የሚያስፈልገው የመመለሻውን ቀን አስቀድሞ ለቤተሰብ መናገርና በዓል ላይ አለመጣል ብቻ ነው።

«ባቡሩ ሐረር ድረስ ይወስዳችኋል»

አይወስድም። ጥንትም ወስዶ አያውቅም። የመጀመሪያው የጅቡቲ ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ከተራራው ግርጌ ድሬዳዋ ላይ ደረሰ፤ ሐረርን ከላይ ትቶ አለፈ፤ ድሬዳዋ ራሷ የበቀለችው በዚሁ ምክንያት ነው። አዲሱም መስመር የሚያቆመው እዚያው ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያውም እንዲሁ። ከዚያ በመኪና ወደ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ ነው፤ በሐረማያና በአወዳይ በኩል። ይህን የማያውቅ ሰው የመጀመሪያ ቀኑን በስሌት ስህተት ያቃጥላል።

«ሐረር ሐሩር ናት፤ ቀሚስ ብቻ ያዙ»

የድሬዳዋን ሙቀት ለሐረር መስጠት ነው። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,885 ሜትር ላይ ትገኛለች። ማታ ሹራብ ያስፈልጋል።

«ሁለት ቀን ምን ያሳያችኋል?»

ይህን ለጎንደርና ለላሊበላ መንገድ ቢሉት እስማማለሁ። በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ሐረር፣ ጀጎል፣ ግን 48 ሄክታር ብቻ ናት። አምስት ጥንታዊ በሮች ያሉት፣ የሐረር ገዥ የነበረው አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንዳሠራው የሚነገርለት ግንብ ዙሪያዋን ይዟታል፤ በውስጧ 82 መስጊዶች እንዳሉ በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል። ትንሽ ስለሆነች መኪና አያስፈልግም፤ ጠፍተሽ ብትዞሪም አንዱ መተላለፊያ ወይ ወደ ግንቡ ወይ ወደ ፈረስ መጋላ አደባባይ ያወጣሻል። እኛ በመጀመሪያው ቀን ምንም ዕቅድ አልያዝንም። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ጠባብ መንገድ ላይ አንዷ ቀድማ፣ ሌላዋ ተከትላ ሄድን። «መኪና ግርግር» በሚባለው መንገድ ልብስ ሰፊዎቹ በየደጃፉ ስፌት መኪናቸውን ያንገጨግጫሉ፤ የሰፈሩም ስም ከዚያው ድምፅ የመጣ ነው ይባላል። ቁልቁል ስትወርጂ የሴቶቹ ሻሽ፣ የቅመሙ ሽታ፣ በኖራ የተለሰነው ግድግዳ። የሚቸኩል ሰው ነው ከሐረር ባዶ እጁን የሚመለስ።

ማደሪያም በሆቴል ብቻ መስሎን ነበር። ሳይሆን፣ በጀጎል ውስጥ በባህላዊው የሐረሪ ቤት እንግዳ የሚያሳድሩ ቤተሰቦች አሉ። ዋናው ክፍል ከፍና ዝቅ ባሉ አምስት መደቦች የተሠራ ነው፤ «ነደባ» ይሏቸዋል። ማን የት እንደሚቀመጥ ሥርዓት አለው። ጓደኛዬ ሳታውቅ ከፍ ወዳለው ቦታ ወጥታ ተቀመጠች፤ የቤቱ እመቤት ፈገግ ብለው «እንግዳ ናት፣ ትቀመጥ» አሉ። ግድግዳው ላይ ከወለል እስከ ጣሪያ የተደረደሩትን የስፌት ሰሃኖች እያየች ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።

«የራምቦ ቤት ራምቦ የኖረበት ነው»

ሁሉም ሰው ይህን ይነግርሻል። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ሐረር መኖሩ እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ በኤደን ወደብ ለነበረ አንድ ንግድ ቤት ሊሠራ መጣ፣ ሄዶ ተመለሰ፣ በ1891 እግሩ ታሞ በቃሬዛ ወደ ባሕሩ ወረደ፣ በዚያው ዓመት ማርሴይ ሞተ። በስሙ የሚጠራው ባለ ቀለም መስታወት ቤት ግን ከእርሱ ሞት በኋላ በህንዳዊ ነጋዴ የተሠራ ነው። ይህን ማወቁ ቤቱን አያሳንሰውም። የተሳለው ጣሪያው፣ የድሮዋ ሐረር ፎቶግራፎች፣ ከፎቁ መስኮት የሚታየው የጣሪያ ባሕር ለእነሱ ብቻ ሲባል እንኳ መሄድ ያዋጣል። እኔን የሚያሳስበኝ፣ ጎብኚው ለማያውቀው ባለቅኔ ሲል ሮጦ ሄዶ የሐረሪዎችን የራሳቸውን ቅርስ ሳያይ መመለሱ ነው። በራስ ተፈሪ ቤት ያለውን የሸሪፍ ሙዚየም እዩ፤ የእጅ ጽሑፎቹና ሳንቲሞቹ ይህች ከተማ የመጽሐፍና የንግድ ከተማ እንደነበረች ያስረዳሉ።

«ጅቦቹ ለማዳ ናቸው»

አይደሉም። ማታ ከግንቡ ውጭ ለጎብኚ በሚቀርበው ትዕይንት ላይ አብላያቸው በስማቸው ሲጠራቸው መጥተው ሥጋ ይቀበላሉ፤ ሆኖም ጨለማው ሲገፋ ወደ ዱራቸው የሚመለሱ አውሬዎች ናቸው። ከተማውና ጅቡ የተስማሙት በትዕይንቱ አይደለም፤ ከዚያ በጣም ይቀድማል። ግንቡ ሥር ጅብ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ ሌሊት ገብተው ቅሪቱን ያጸዳሉ። በአሹራ፣ በሙስሊሞቹ በዓል ቀን፣ ገንፎ በቅቤ ይቀርብላቸዋል። ሕዝቡ የሚፈራውን እንስሳ ሳያሳድድ አብሮት መኖርን መርጧል፤ ይህ ለእኔ ከሥጋው ትዕይንት ይበልጣል። ሥጋውን በእንጨት ጫፍ ይዛ ማብላት ከፈለገች ጓደኛሽን አትከልክያት፤ አብላዩ የሚልሽን ግን አንድም ሳታጎድይ ስሚ።

«ሐረሪ የዓረብኛ ዘዬ ነው»

ሴማዊ መሆኑ እውነት ነው፤ የቅርብ ዘመዶቹ ግን ስልጥኛና ዛይ ናቸው፤ ከአማርኛችንም ይዛመዳል። ከተማቸውን «ጌይ»፣ ቋንቋቸውን «ጌይ ስናን» ይሉታል። በር ደግሞ «በሪ» ነው። ጓደኛዬ ይህቺን አንዲት ቃል ይዛ በየበሩ ዘበኛ ፊት ስትጠራት ደስታዋ የልጅ ነበር።

በመጨረሻው ጠዋት የቤቱ እመቤት በወተትና በጨው የተፈላ የቡና ቅጠል አቀረቡልን። ጓደኛዬ ስኒዋን በሁለት እጇ ይዛ እህቷ ዘንድ ደወለች። «ነገ ለምሳ እደርሳለሁ» አለቻት። ቀጥላም «ስለ አባባ ላጫውትሽ እፈልጋለሁ» አለች።