«ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም»፦ የአቤቱታ ቃል ነው እንጂ የፈቃድ አይደለም

በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ጉባኤ አንድ ከበድ ያለ ጥያቄ ይነሣል። ሁለት ሦስት ጥቅስ ይፈለግና ሲታጣ አንዱ «እንግዲህ ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም» ይላል፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል። እንዲህ ሲነገር አባባሉ «የሚከለክል ስለሌለ እንደ ወደድን እናድርግ» የማለት ያህል ሆኗል። ስልክ ላላነሣ ወዳጅ የሚጠቀሙበትም አሉ። አባባሉ ግን ፍርድ ፈልጎ ከደጃፍ የተመለሰ ሰው እሮሮ ነው። ሊናገሩለት የሚገባቸው ሁለት ምስክሮች እያሉ ሁለቱም አፋቸውን ዘጉበት።

እኔ የማምነው አባባሉ ከመሬት ክርክር እንደ ተወለደ ነው። በቀድሞው ሥርዓት የርስትና የጉልት ውል የሚጻፈው በቤተ ክርስቲያኑ አራቱ ወንጌል ላይ ነበር፤ በመግቢያውና በወንጌላውያኑ መካከል በሚተርፈው ባዶ ብራና። ዛሬ በኤርትራ ምድር ባለው በሺመዛና ደብረ ሊባኖስ «ወንጌል ዘወርቅ» የንጉሥ ላሊበላ ስጦታ ሳይቀር ሰፍሯል። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጎንደር አድባራት የመሬት ሽያጭ በዚህ መንገድ ይመዘገብ ነበር፦ ሻጭ፣ ገዥ፣ ዋጋው በወቄት ወርቅ፣ ከዚያ የእማኞች ስም ዝርዝር። በእንዲህ ያሉ መጻሕፍት ላይ የሚሰፍረው ማሰሪያ የታወቀ ነው፤ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ለይኩን»፤ የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን። ውሉን ወንጌል ላይ ያሰፈሩት ሌላ ብራና ጠፍቶ አይደለም። በወንጌል ላይ የተጻፈ ነገር ምስክሩ እግዚአብሔር ነው፤ ጠባቂውም ካህኑ ነው። ስለዚህ የተጣላ ሰው ሽማግሌ ይዞ ወደ ደብሩ ይሄዳል፤ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቀው ካህን፣ ቄሰ ገበዙ፣ ዕቃ ቤቱን ከፍቶ መጽሐፉን ከማኅደሩ ያወጣል፤ ቅጠሉ ይገለጣል፤ ይነበባል።

መጽሐፉ ዝም የሚለው እዚህ ላይ ነው። ከጥላሸት የሚዘጋጀው ጥቁር ቀለም ብራናው ላይ ይቀመጣል እንጂ ጠልቆ አይገባም፤ ስለዚህ በስለታም ቢላ ይፋቃል። የተፋቀ ቦታ ግን ራሱን አይደብቅም። ጣት ሲያልፍበት ይሻክራል፤ ቅጠሉን ወደ ብርሃን ዘንበል ሲያደርጉት ሳስቶ ይታያል፤ በላዩ ሌላ ቢጻፍበት ቀለሙ ጠርዙ ላይ ይሰራጫል። ቅጠሉ ከነጭራሹ ከተቆረጠም ጥራዙ ይናገራል። አንድ ጥራዝ ብዙ ጊዜ 4 ታጣፊ ብራና፣ ማለትም 8 ቅጠል ነው፤ አንዱ ሲወጣ ከስፌቱ ማዶ ያለው ጥንዱ ይላላል፣ ወይም በስፌቱ ሥር ጠባብ ቁራጭ ይቀራል። ምንም ክፋት ሳይኖርም መጽሐፍ ዝም ይላል፦ የእንጨት ሽፋኑ፣ ገበታው፣ ሲላቀቅ ዳር ዳር ያሉት ቅጠሎች ቀድመው ይጠፋሉ፤ ውል የሚጻፍባቸው ባዶ ቅጠሎችም አብዛኞቹ ዳር ላይ ያሉት ናቸው።

መጽሐፉ ሲጠፋ ቄሱ ይቀራል። ሲጻፍ ቆሞ ያየ፣ ወይም ካየው መምህሩ የሰማ ካህን መናገር ይችላል። እርሱም የአንደኛው ወገን ዘመድ ሆኖ፣ ወይም ጌታውን ፈርቶ ዝም ካለ ባለጉዳዩ የሚሄድበት የለም። ነቢዩ ሚልክያስ በምዕራፍ 2 ቁጥር 7 የካህን ከንፈር እውቀትን ይጠብቅ ዘንድ፣ ሰዎችም ሕግን ከአፉ ይፈልጉ ዘንድ እንደሚገባ ይናገራል፤ የአባባሉ ምሬት ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ግዴታ ነው። አንድ ዝምታ ግን ከዚህ ወቀሳ ውጭ ነው። የንስሐ አባት በኑዛዜ የሰማውን አያወጣም፤ ዝም እንዲል ቀኖናው ራሱ ያስገድደዋል። ለእርሱ «ቄሱም ዝም» ማለት ሥራውን በአግባቡ የሠራን ሰው መውቀስ ነው።

ሌላም ግምት አለ። በበዓል ቀን ገድልና ተአምር በግእዝ ሲነበብ ገበሬው የሚጠብቀው ከንባቡ ቀጥሎ የሚመጣውን አማርኛ ነው፤ አንባቢው ትርጓሜውን ሳያውቅ ሲቀር ቄሱም መጽሐፉም አብረው ዝም አሉ ማለት ነው ይላሉ። የኢሳይያስ 29፥11-12 የታተመ፣ ማለትም በማኅተም የተዘጋ፣ መጽሐፍ ለዚህ ይቀርባል፤ የሚያነበው «ታትሟል» ይላል፣ የማያነበው «ማንበብ አላውቅም» ይላል። ደስ የሚል ግምት ነው፤ ግን «ዝም» የሚለው ቃል የሚያውቅ ሰው ዝምታ ይመስለኛል። የዘካርያስን ታሪክ ልብ ይሏል፦ ካህኑ አንደበቱ ቢታሰርም በሰሌዳ «ዮሐንስ» ብሎ ጻፈ፤ ቄሱ ዝም ሲል ጽሕፈቱ ተናገረ። አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይከፈታል ተብሎ ነው የሚጠበቀው፤ አባባሉ የሚያማርረው ሁለቱም ሲዘጉ ነው።

ወደ ጥናት ጉባኤያችን ስንመለስ፣ አብዛኛውን ጊዜ መጽሐፉ ዝም አላለም፤ አልተጠየቀም። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን የምትጠመቀው ለምንድን ነው ተብሎ ይጠየቅና በአዲስ ኪዳን ብቻ ተፈልጎ ይታጣል። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ግን የእናቲቱን መንጻት ለወንድ 7 እና 33፣ ለሴት 14 እና 66 ቀን አድርጎ ይቆጥራል፤ ድምሩ 40 እና 80 ነው። መጽሐፈ ኩፋሌ ምዕራፍ 3 ደግሞ አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ገነት እንደ ገቡ ይናገራል። የረቡዕና የዓርብ ጾምም እንዲሁ ነው፤ የሐዋርያት ሥርዓት መጽሐፍ የሚባለው ዲድስቅልያም፣ የሕግ መጽሐፉ የፍትሐ ነገሥት 15ኛ አንቀጽም ይናገሩበታል። 81ዱን መጻሕፍት የተቀበለ ምእመን 66ቱን ብቻ ገልጦ «መጽሐፉ ዝም» ሊል አይገባውም። ጥቅሱ ቢገኝም ከላይና ከታች ያለው ምዕራፍ ይነበብ፤ ከዚያ አንድምታው፣ ማለትም «አንድም» እያለ የሚሄደው የሊቃውንት ትርጓሜ፣ ይታይ፤ አንድ ቃል ሁለት ሦስት «አንድም» ሊኖረው ይችላልና የመጀመሪያውን ይዞ መሮጥ ብዙ ጥናት ያበላሻል።

ቄሱም ቢሆን በወጉ ይጠየቅ። ቅዳሴ ሊገባ ሲቸኩል በር ላይ ይዘውት «አላውቅም» ሲል ዝም አለ ማለት ግፍ ነው። ቀዳሽ ካህን ሁሉ የመጽሐፍ መምህር አይደለም። ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት እያንዳንዳቸው የራሳቸው ጉባኤ፣ የብዙ ዓመት ትምህርት ናቸው፤ የቅዳሴ ቤት ተማሪ ያንን ሁሉ አልዞረም። የኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ነገርም ለዚህ ይጠቅማል፦ ኢሳይያስን እያነበበ ሳይገባው መጽሐፉን አጥፎ አላስቀመጠም፤ ፊልጶስን ሠረገላው ላይ አስቀምጦ «ነቢዩ ይህን ስለ ማን ይናገራል?» ብሎ ለይቶ ጠየቀ። የጥናቱ መሪ ጥያቄውን ከነምዕራፉና ከነቁጥሩ ጽፎ ለካህኑ ይስጥ፤ ካህኑም መምህሩን ጠይቆ ይመልስ ዘንድ ቢያንስ እስከሚቀጥለው ጉባኤ ጊዜ ይሰጠው። ያ ሁሉ ተደርጎ መልስ ከታጣ አባባሉን ለመናገር መብት አለን፤ ያኔም ቢሆን በሐዘን እንጂ በእፎይታ አይባልም።