ግድብ ከመሠራቱ በፊት፦ የጅማ ዙሪያ መሬት እንዴት ይጠናል

ለግድብና ለውሃ ማጠራቀሚያ የሚደረግ የሥነ ምድር ጥናት ሦስት ጥያቄዎችን ይመልሳል። መሬቱ የግድቡን ክብደት ይችላል? የተጠራቀመው ውሃ ሾልኮ ይጠፋል? በሐይቁ ዙሪያ ያለው ተዳፋት ውሃ ሲያርሰው ባለበት ይቆማል? ጥናቱ ከዲዛይን በፊት ይጀመራል። ግንባታ ተጀምሮ መሠረቱ ሲገለጥም አይቆምም።

ለጅማ ሰው ጉዳዩ የደጅ ነው። ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ አሰንዳቦን አልፎ የሚታየው ሐይቅ የግልገል ጊቤ ግድብ የያዘው ነው። ግድቡ 40 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣቢያ በ1996 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ውሃው ከዚያ በኋላ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ተራራ ሥር አልፎ ወደ ኦሞ ሸለቆ ይወርዳል። እዚያ 420 ሜጋ ዋት የግልገል ጊቤ ሁለት ድርሻ ነው።

የአካባቢው ዓለት በአብዛኛው የእሳተ ገሞራ ውጤት ነው፦ ባዛልት፣ ትራኪት፣ ሪዮላይት፣ በመካከላቸውም የአመድ ክምችት። ቅልጡ ዓለት በአንድ ጊዜ አልፈሰሰም። ፈሶ ይቀዘቅዛል፤ ላዩ በዝናብና በፀሐይ ይበሰብስና አፈር ይሆናል፤ ከዚያ ሌላ ፍሰት ይሸፍነዋል። ስለዚህ በሁለት ጠንካራ ባዛልቶች መካከል ስስ፣ ለስላሳ የሸክላ ንብርብር ተደብቆ ሊገኝ ይችላል። ግድብን የሚያንሸራትተው፣ ውሃንም የሚያሾልከው ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

የቁፋሮው ጥበብም እዚህ ላይ ይፈተናል። ሪጉ፣ ማለትም የመቆፈሪያው ማሽን፣ ዓለቱን እንደ በትር እየቆረጠ ያወጣል፤ ናሙናው በሳጥን ይደረደራል። ለስላሳው ንብርብር ግን በቁፋሮው ውሃ ታጥቦ ሊጠፋ ይችላል። ሳጥኑ ውስጥ 30 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ከታየ ትልቁ መረጃ ያ ክፍተት ነው። በጥድፊያ የሚቆፍር ሰው ግን «ናሙና አልወጣም» ብሎ ያልፈዋል። እኔ እንደማምነው በአካባቢያችን ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው ይህ ነው።

ከናሙናው ርዝመታቸው 10 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑት ቁርጥራጮች ይደመሩና ለተቆፈረው ርዝመት ይካፈላሉ። ውጤቱ ከ90 በመቶ በላይ ከሆነ ዓለቱ እጅግ ጥሩ ነው፤ ከ25 በታች ከሆነ ተሰባብሯል ማለት ነው። ከዚያ ጉድጓዱ በክፍል በክፍል ይታሸግና ውሃ በግፊት ይገባበታል። በ10 ባር ግፊት፣ በደቂቃ፣ በአንድ ሜትር 1 ሊትር ከገባ 1 ሉዦን ይባላል። መለኪያው የስዊዘርላንዱን ጂኦሎጂስት የሞሪስ ሉዦንን ስም ይዟል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ስንጥቁ በሲሚንቶ ውሁድ መደፈን አለበት።

ሪግ ከመምጣቱ በፊት ግን ብዙ ሥራ አለ። የአየርና የሳተላይት ፎቶ ይታያል፣ ካርታ ይነሳል፣ ሸለቆው በእግር ይታሰሳል። የኤሌክትሪክና የድምፅ ሞገድ ልኬት አፈሩ የቱ ጋ እንደሚያልቅ ይጠቁማል። ሽማግሌዎችን መጠየቅም ተገቢ ነው። ምንጭ የሚፈልቅበት ቦታ ብዙ ጊዜ ሁለት ንብርብሮች የሚገናኙበት ነው፤ በክረምት መሬት የናደበትንም ገበሬው ያስታውሳል።

አፈሩ ሌላ ታሪክ ነው። ለቡናው የተመቸው ቀይ አፈር ብዙ ሜትር ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። ከእሳተ ገሞራ ዓለት የተገኘ ቀይ አፈር ላቦራቶሪ ውስጥ በምድጃ ሲደርቅ ጠባዩ ይለወጣል፤ ስለዚህ በተፈጥሮ እርጥበቱ መፈተሽ አለበት። በኬንያ የሳሱሙዋ ግድብ የተሠራበት ቀይ ሸክላ በተለመደው መለኪያ ሲታይ የማይመች ይመስል ነበር፤ የአፈር ምህንድስና ሊቁ ካርል ቴርዛጊ መርምሮት ብቁ መሆኑን አሳየ። በየረባዳው ያለው ጥቁር ኮትቻ ግን በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ለመሠረት ብዙ ጊዜ ተጠርጎ ይወጣል።

ስህተት ምን እንደሚያስከትል ዓለም አይቷል። በአሜሪካ የቴቶን ግድብ እ.ኤ.አ. በ1976 ገና ሲሞላ ፈረሰና 11 ሰዎች ሞቱ። መሠረቱ የተሰነጣጠቀ ሪዮላይት ነበር፤ ውሃው በስንጥቁ እያለፈ የግድቡን ደቃቅ አፈር ጠርጎ ወሰደ። በጣሊያን ቫዮንት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1963 ተራራ የግድቡ ሐይቅ ውስጥ ተናደ። ግድቡ አልፈረሰም፤ ከላዩ የዘለለው ማዕበል ግን ወደ 2,000 ሰው ፈጀ።

እኛም ዘንድ ትምህርት አለ። የግልገል ጊቤ ሁለት ዋሻ ሲቆፈር፣ በ1999 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ማሽኑ የተሰባበረ ዓለት ገጠመው። በግፊት የመጣው ጭቃ ማሽኑን ወደ ኋላ ገፋው፤ ሥራውም ለረጅም ጊዜ ተጓተተ። በጥር 2002 ዓ.ም. ተመርቆ ብዙም ሳይቆይ የዋሻው አንድ ክፍል ተናደና ጣቢያው ለወራት ቆመ። ረጅም ዋሻን ከተራራ አናት በየቦታው ቆፍሮ ማየት ከባድ ነው። ስለዚህ እየቆፈሩ ከፊት ያለውን መመርመር የጥናቱ አካል ነው።

ለአነስተኛ የመስኖ ግድቦች ይህ ሁሉ አይጠበቅም። ይሁን እንጂ በሁለቱም የሸለቆ ጎን እና በመሃሉ ቢያንስ መቆፈር፣ ጉድጓዱን በውሃ ግፊት መሞከር፣ ለግንባታ የሚሆነውን አፈር መፈተሽ ሊቀር አይገባም። ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀነሰው ቁፋሮ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ሐይቁ ከሞላ በኋላ የከርሰ ምድሩ የውሃ ግፊትና ከግድቡ ሥር የሚወጣው ውሃ መጠን ይለካል። ጥቂት ጥርት ያለ ውሃ መውጣቱ የተለመደ ነው። መጠኑ ከጨመረ ወይም ከደፈረሰ አፈር እየተጠረገ ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ሳይውል ሳያድር መጠራት አለበት።