እንስሳት ሲታመሙ የምናምናቸው፣ እውነት ያልሆኑ ነገሮች

የእንስሳት ሕክምና ባለፉት ጥቂት ዓመታት ረጅም መንገድ ተጉዟል። ብዙዎቻችን ግን አሁንም የምንይዘው ድሮ የሰማነውን ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ አፍ አውጥቶ «ተሳስታችኋል» ማለት የማይችለው እንስሳ ነው።

«ሆዷ ውሃ ከያዘ ድመቷ አትተርፍም»

ይሄ ለረጅም ጊዜ እውነት ነበር፤ የሚያምነውን ሰው አልወቅስም። ከድመት ኮሮና ቫይረስ የሚነሳው ይህ በሽታ በአጭሩ ኤፍአይፒ ይባላል። ድመቷ አጥንቷ እስኪቆጠር ትከሳለች፤ ሆዷ ግን እንደ ከበሮ ይወጠራል። ሐኪሙ በመርፌ ሲቀዳው የሚወጣው ፈሳሽ ብዙ ጊዜ ቢጫና ዝልግልግ ነው፤ እንደ እንቁላል ነጭ ይሳባል። በሽታው እ.ኤ.አ. በ1963 በሕክምና ጽሑፍ ከተገለጸ በኋላ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ መድኃኒት አልነበረውም። ሐኪሞች የነበራቸው ምርጫ ስቃዩን ማስታገስ ወይም ሳትሰቃይ እንድትሞት ማድረግ ነበር።

ታሪኩን የቀየረው ጂኤስ 441524 የተባለ ፀረ ቫይረስ ነው። ለሰዎች የኮቪድ ሕክምና የዋለው የሬምዴሲቪር የቅርብ ዘመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የእንስሳት በሽታ ተመራማሪው ኒልስ ፒደርሰንና ባልደረቦቹ የ31 ድመቶችን ውጤት አሳተሙ። አምስቱ ሕክምናውን ሳይጨርሱ ሞቱ ወይም እንዲሞቱ ተደረገ። ሃያ አምስቱ ግን ለረጅም ጊዜ በሕይወት ቆዩ። ከእነሱ መካከል በሽታው አገርሽቶባቸው እንደገና የታከሙም ነበሩ። ያኔ ሕክምናው ቢያንስ 12 ሳምንት ይፈጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ሆዳቸው ወይም ደረታቸው ፈሳሽ በያዘ 40 ድመቶች ላይ የ42 ቀን ሕክምና ከ84 ቀኑ ጋር እኩል እንደሠራ አሳየ። ወጪውም ድካሙም በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። እና ዛሬ «ተስፋ የለውም» ብሎ መድኃኒቱን ሳይጠይቁ መተው ትልቅ ጥፋት ይመስለኛል።

ከዚሁ ጋር የምትሄድ ሌላ ስህተት አለች። «የኮሮና ምርመራዋ ፖዘቲቭ ሆኗል፣ አለቀላት» ይባላል። የድመት ኮሮና ቫይረስ በጣም የተስፋፋ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከቀላል ተቅማጥ የዘለለ ነገር አያመጣም። ኤፍአይፒ የሚመጣው በጥቂቶቹ ላይ፣ ቫይረሱ ሰውነታቸው ውስጥ ሲለወጥ ነው። በደም ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል ተገኘ ማለት ድመቷ ቫይረሱን አግኝታው ታውቃለች ማለት ብቻ ነው። ሐኪሙ ምልክቱን፣ ፈሳሹንና ሌሎች ምርመራዎችን አንድ ላይ አይቶ ነው የሚወስነው።

«ካልጮኸች አላመማትም»

ድመት ሕመሟን ትደብቃለች። ግን ፊቷ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2019 በሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ የተሠራ የፊት መለኪያ አምስት ነገር ያያል፦ ጆሮ፣ ዓይን፣ አፍና አፍንጫ አካባቢ፣ ጢም እና የጭንቅላት አቀማመጥ። የታመመች ድመት ጆሮዋ ወደ ጎን ይዘረጋል፤ ዓይኗ ይጠባል፤ ጢሟ ቀጥ ብሎ ይገተራል፤ ጭንቅላቷ ከትከሻዋ በታች ይወርዳል። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ነጥብ ይሰጠዋል። ድምሩ ከ10 አራትና ከዚያ በላይ ከሆነ ማስታገሻ ሊያስፈልጋት ይችላል።

ማስታገሻ ስል ግን እቤት ያለውን ፓራሲታሞል አይደለም። እባካችሁ! የድመት ጉበት እንደ ሰው ጉበት ሊያስወግደው አይችልም። ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፤ ድዷ ይጠቁራል ወይም ቡና ዓይነት ይሆናል። አንዲት እንክብል ልትገድላት ትችላለች።

«በጎችና ፍየሎች ሁሉ በአንድ ጊዜ የትል መድኃኒት ይውሰዱ»

ይሄ ጠንቃቃ የሆነ ሰው የሚሠራው ስህተት ነው። መድኃኒቱ የሚገድለው ደካሞቹን ትሎች ነው፤ የሚተርፉት መድኃኒቱን የተላመዱት ናቸው። መንጋው በሙሉ ከታከመ ከእነሱ ጋር የሚዳቀል ሌላ ትል አይኖርም፤ ቀጣዩ ትውልድ ሁሉ መድኃኒት የማይበግረው ይሆናል። በደቡብ አፍሪካ የተሠራው ፋማቻ የተባለው ዘዴ መፍትሔ ሰጥቷል። የበጉን የታችኛውን የዓይን ሽፋን ገለጥ አድርጎ ቀለሙን ለዚሁ ከተሠራ ባለቀለም ካርድ ጋር ማነጻጸር ነው። ደማቅ ቀይ ከሆነ ይለፍ፤ ከገረጣ ይታከም። የሚሠራው ግን ደም መጣጭ ለሆነው የጨጓራ ትል ነው፤ የሌላውን ትል ጉዳት አያሳይም።

«የወፍ ጉንፋን የወፍ ጉዳይ ነው»

በመጋቢት 2024 (እ.ኤ.አ.) ኤች5ኤን1 የተባለው የወፍ ጉንፋን ቫይረስ በአሜሪካ የወተት ላሞች ላይ መገኘቱ ተረጋገጠ። የሚገርመው ቫይረሱ የተራባው በዋናነት ሳንባቸው ውስጥ ሳይሆን ጡታቸው ውስጥ ነው። ወተታቸው ይቀንሳል፤ ይወፍራል፤ ቀለሙም ወደ ቢጫ ይለወጣል። በሽታው ከላም ወደ ላም እንዲተላለፍ የማለቢያ መሣሪያው ዋና መንገድ እንደሆነ ይታመናል። ወተቱን ፓስቸራይዝ ማድረግ፣ ማለትም ጀርሞቹ እንዲሞቱ ማሞቅ፣ ቫይረሱን ይገድለዋል። የእነዚያን ላሞች ጥሬ ወተት የጠጡ የእርሻ ድመቶች ግን ብዙዎቹ ዓይናቸው ጠፍቶ፣ መራመድ አቅቷቸው በቀናት ውስጥ ሞቱ። ስለዚህ ለድመታችሁ ጥሬ ወተት አትስጡ፤ አፍልታችሁ ነው እንጂ።