ሳተላይቱና የመሬቱ መሣሪያ ለምን አይስማሙም?

የሳተላይት የኦዞን ልኬት «በመሬት መሣሪያ ተረጋግጧል» ሲባል፣ ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ሆኑ ማለት አይደለም። የሚያዩትም እኮ አንድ አይደለም። ሳተላይቱ ከላይ ሆኖ፣ ከከባቢ አየሩ ተመልሶ የሚወጣውን የፀሐይ ብርሃን ያነባል። ዶብሰን የሚባለው የመሬት መሣሪያ ደግሞ ቀና ብሎ ፀሐይዋን ያያል፤ ከራሱ በላይ ያለውን ኦዞን ይለካል።

የሃዋዩን ማውና ሎዋ ጣቢያ እንውሰድ። ከባሕር ወለል 3,400 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ከበታቹ ያለውን ኦዞን አይቆጥርም። ሳተላይቱ ግን በአንድ እይታ ብዙ ኪሎ ሜትር ይጠቀልላል፣ ዙሪያውን ያለውን ባሕር ጭምር። የሳተላይቱ ቁጥር ከፍ ቢል አይገርምም። መጀመሪያ ይህ ይስተካከላል፣ ሰዓቱም ይገጣጠማል። ከዚያም ልዩነቱ ዓመት በዓመት እየሰፋ ከሄደ፣ የሳተላይቱ መሣሪያ እያረጀ ይሆናል ተብሎ ይጠረጠራል። (ዶብሰኑም ቢሆን በየጊዜው ከዋናው መለኪያ ጋር ይመሳከራል፤ ከጥርጣሬ አያመልጥም።)