የበር ቁልፍ ሲሊንደር ከውስጥ

ፒያሳም ሆነ መርካቶ፣ ጥግ ይዘው ቁልፍ የሚቀርጹ ሰዎችን ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በማሽናቸው ጩኸት ነው። ሁለት ቁልፍ ጎን ለጎን ይታሰራል። አንዱ ይዳሰሳል፣ ሌላው ይቆረጣል። ሻይ ሳይቀዘቅዝ ቅጂው እጃችን ይገባል። ያ ጥርስ በሩ ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ ግን ብዙም አንጠይቅም፣ ቁልፉ እምቢ እስኪል ድረስ።

በአማርኛ «ቁልፍ» የሚከፍተውም ነው፣ የሚቆለፈውም። ለዚህ ነው ሰው ጓጉንቸር ቁልፍ፣ ሰረገላ ቁልፍ እያለ የሚለየው። ሲሊንደር የሚባለው ሰረገላ ቁልፉ ላይ የሚሰካው፣ ቁልፉን የሚቀበለው ቁራጭ ነው። በኮንዶሚኒየምና በቢሮ በሮች ላይ የምናየው ዓይነት ራሱ ክብ፣ እግሩ ጠፍጣፋ ነው። የክቡ ስፋት 17 ሚሊሜትር፣ ጠቅላላ ቁመቱ 33 ሚሊሜትር ነው። በበሩ ጠርዝ በኩል የሚገባ አንድ ረጅም ቡሎን ብቻ ይይዘዋል።

ክቡ ውስጥ ከቁልፉ ጋር የሚዞር ክፍል አለ። ዟሪው እንበለው። ከዟሪው ጀምሮ ወደ ታች፣ ወደ እግሩ የሚወርዱ 5 ወይም 6 ቀዳዳዎች በአንድ መስመር ተበስተዋል። በየቀዳዳው ሦስት ነገር ተደራርቧል። ከታች ሞላ፣ ከሞላው በላይ አንድ ፒን፣ ከሱ በላይ ቁልፉን የሚነካው ሌላ ፒን። የታችኞቹ ፒኖች ቁመታቸው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። የላይኞቹ ይለያያሉ፤ አንዱ አጭር፣ አንዱ ረጅም። የሲሊንደሩ ምስጢር በሙሉ ያለው እዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ቁልፍ ሳይገባ ሞላው የታችኛውን ፒን ወደ ላይ ይገፋዋል። ፒኑ ግማሹ እግሩ ውስጥ፣ ግማሹ ዟሪው ውስጥ ሆኖ ይቆማል፤ እንደ መቀርቀሪያ ማለት ነው። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ጥርሱ እያንዳንዱን ጥንድ በልኩ ይጫነዋል። የሁለቱ ፒኖች መገናኛ ልክ የዟሪው ጠርዝ ላይ ሲያርፍ የሚያግድ ነገር የለም፣ ዟሪው ይዞራል። መሐል ላይ ያለው ምላስም አብሮ ዞሮ መወርወሪያውን ይስባል። ከአምስቱ አራቱ ልክ ሆነው አንዱ ግማሽ ሚሊሜትር ቢስት በሩ አይከፈትም። ጉልበት አይረዳም፤ ቁልፉ ይሰበራል እንጂ።

በፒን የሚሠራ ቁልፍ አዲስ ነገር አይደለም። የጥንት ግብፆች በእንጨት ሠርተውታል፤ እዚያ ፒኖቹ በራሳቸው ክብደት ነበር የሚወድቁት። አሜሪካዊው ሊነስ ዬል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1848 በብረት አዘመነው። ስሙን የወረሰው ልጁ ደግሞ በ1861 ዛሬ ኪሳችን ያለውን ጠፍጣፋ ባለ ጥርስ ቁልፍ አስመዘገበ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ፒኑ 5፣ የጥርሱ ጥልቀት 6 ዓይነት ከሆነ 7,776 የተለያየ ቁልፍ ይወጣል። አንድ ፒን ሲጨመር 46,656 ይሆናል። አምራቾች ግን ሁሉንም አይጠቀሙም፤ አምስቱም ጥርስ እኩል የሆነ ቁልፍ ማን ይገዛል? ርካሽ ሲሊንደር ላይ ደግሞ ቀዳዳው ሰፋ፣ ፒኑ ላላ ይላል። የጎረቤት ቁልፍ የእኛን በር የሚከፍተው በዚህ ምክንያት ነው። የተሻሉት ወገባቸው የቀጠነ ፒኖች አሏቸው፤ ሰው በሽቦ ሲጎረጉር ወገባቸው ላይ ይነክሳሉ። ድሪል እንዲያስቸግር የጠንካራ ብረት ፒን የሚጨመርባቸውም አሉ።

ሌላም ጣጣ አለ። ተራው ሲሊንደር ከውስጥ ቁልፍ ከተተወበት ከውጭ ሌላ ቁልፍ አይቀበልም። በሩ ከተዘጋ በኋላ ይህን ያወቀ ብዙ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ግን የሲሊንደር ዋና ጠላት ሌባ ሳይሆን አቧራ ይመስለኛል። ሞላዎቹ ከታች ስለሆኑ የገባው ሁሉ እነሱ ላይ ይተኛል። እኔም አንዴ በሬ ሲደርቅብኝ የምግብ ዘይት ጠብ አደረግሁበት። ሁለት ሳምንት ቅቤ ሆነ። ከዚያ ዘይቱና አቧራው ተለውሰው ሙጫ ሆኑና ቁልፉ ጭራሽ አልገባ አለ። የሚሻለው ደረቅ የግራፋይት ዱቄት ነው። እርሳስ ቁልፉ ላይ ማሸትም ይሠራል።

ፒያሳ ያለ አንድ ሠራተኛ ጋ ወሰድኩት። በካቻቪቴ ምላሱን ያዥዋን ቀለበት አወለቀ። ሲሊንደሩን እግሩ ወደ ላይ እንዲሆን ገልብጦ ያዘና ዟሪውን በቀጭን ዘንግ ከኋላ እየገፋ አወጣው። ዘንጉ እግሩ ውስጥ ያሉትን ፒኖች ተጭኖ ይይዛል፤ ካመለጠ ሞላ ሁሉ ይፈናጠራል። አመለጠው። ማግኔት ላምጣ ብለው ሳቀብኝ፤ ፒኖቹ ናስ ናቸው፣ ማግኔት አያነሳቸውም። ምንጣፉን አንስተን ስንቆጥር አሥሩም ፒን ተገኘ፣ ሞላ ግን አራት ብቻ። አምስተኛውን ከምናለሽ ተራ ከገዛው አሮጌ ሲሊንደር ውስጥ መንቅሮ አወጣልኝ።