«ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ»፦ ምሳሌው ድሬዳዋና ሐረር ሲደርስ

ሰርዶ መሬት ለመሬት እየተሳበ በየአንጓው ሥር የሚሰድ ሣር ነው። ከብት ይወደዋል፣ ገበሬ ግን ማሳው ውስጥ ሲያየው ደሙ ይፈላል፤ ቢቆራርጡት ቁራጩ ሁሉ መልሶ ይበቅላልና። የሚሸነፈው መሬቱ በበጋ ተደጋግሞ ታርሶ ሥሩ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ነው። ለዚህ አድካሚ ሥራ ዳገቱንና ድንጋዩን የለመደ፣ የጌታውን ድምፅ የሚለይ በሬ ያስፈልጋል። «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» የአንድን ቦታ ችግር የቦታው ሰው በቦታው ዘዴ ይፍታው ማለት ነው። ሰዎች ሲጣሉ ጉዳዩ ከፍርድ ቤት በፊት ለሰፈር ሽማግሌ ይሰጥ የሚል ሰው ይህን ይጠቅሳል።

ከተሜና ባላገር የሚገናኙባቸው አስቂኝ ፊልሞችም ከዚሁ አባባል የተቀዱ ይመስሉኛል። እንግዳው የራሱን በሬ ነድቶ ይመጣል፤ ሰርዶው ይስቅበታል።

ታሪኩን ድሬዳዋ ላይ እናድርገው። ከአዲስ አበባ የተዛወረ ኃላፊ ሙሉ ሱፍ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ ሰዉን ለቀኑ ሰባት ሰዓት ስብሰባ ይጠራል። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት፤ በዚያ ሰዓት ሰዉ ሽርጡን አገልድሞ ጥላ ፍለጋ ገብቷል። ኃላፊው ባዶ አዳራሽ ውስጥ ብቻውን ላቡን ይጠርጋል። ሲወጣ ደግሞ ለመኪናው ሰፊ፣ ክፍያ የማይጠየቅበት ቦታ ያገኛል፦ የደቻቱ አሸዋ። «ወንዝ ነው» ሲሉት «ታዲያ ውኃው የት አለ?» ይላል።

እዚህ ላይ ሳቁ ስለት አለው። ደቻቱ የከተማዋ ሰማይ ጠርቶ ሳለ ደጋው ላይ በጣለ ዝናብ በድንገት ሊሞላ ይችላል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከ200 በላይ ሰው የቀጠፈው ጎርፍም ከደጋው የወረደ ነው። የተራራውን መጥቆር አይታ «አቦ ልጄ፣ መኪናህን አንሳ!» የምትለው የቀፊራ ገበያ አትክልት ሻጭ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ያገሩ በሬ ማለት እርሷ ናት።

አንዳንዶች አባባሉን ተዛውሮ የመጣን ሠራተኛ ለማባረሪያ ሲጠቀሙበት እሰማለሁ። አይስማማኝም። ገበሬ አዲስ በሬ ሲገዛ ከነባሩ ጋር ጠምዶ ያለማምደዋል እንጂ ወደ ገበያ አይመልሰውም። ጥሩ ፊልምም እንግዳውን በመጀመሪያው አውቶቡስ አይሸኘውም።

ከድሬ የደንገጎን ዳገት አልፈው ወደ ሐረር ሲወጡ ግን እንግዳ የሚሆነው ምሳሌው ራሱ ነው። ብዙ የሐረርጌ ገበሬ ትንሽዬና ተዳፋት ማሳውን ዶንጎራ በሚባል የእጅ መቆፈሪያ ይቆፍራል። በሬውንስ? የማሽላ ቅጠልና አገዳ በእጁ እያቀረበ ያደልበዋል፤ የሐረር ሰንጋ በአዲስ አበባ ሥጋ ቤቶች የተከበረው በዚህ እንክብካቤ ነው። እናም የእኛ ኃላፊ፣ አሁን ከረባቱን የፈታው፣ አንድ መንደር ወጥቶ ከሽማግሌዎች ፊት ይቆምና ከድሬ የተማረውን በኩራት ያሰማል፦ «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ!»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። ከመካከላቸው አንዱ ጉሮሯቸውን ጠርገው፦ «ልጄ፣ ሰርዶውን እኛው እንቆፍረዋለን። በሬውን ግን ተወው፤ ለአረፋ ነው።»